ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት ሲንቄ

ይህን ታሪክ ለሚስቴ እንኳ በቅጡ ነግሬያት አላውቅም። ስለ አርሲ ሲነሳ ብርዱንና ገብሱን አውርቼ ወሬውን እቀይራለሁ። አሁን ግን ዕድሜዬ ገፋ፤ ከእኔ ጋር የነበሩትም አንድ በአንድ እያለፉ ነው። ስለዚህ እናንተ አንብቡትና ታዘቡኝ።

አብዮቱ ሊፈነዳ ሁለት ዓመት ግድም ሲቀረው ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሕንፃ ንድፍ ተማሪ ነበርኩ። በዚያን ጊዜ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ገጠር ወርዶ ማገልገል ነበረበት። ጎፈሬዬን አሳድጌ፣ እግሩ የሰፋ ሱሪ ለብሼ፣ በየሰልፉ «መሬት ላራሹ» እያልኩ ድምፄ እስኪዘጋ የምጮህ ልጅ ነበርኩ። ፖሊስ ሲመጣ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ የሚሮጠው እኔ ነኝ። አራሽ የሚሉትን ሰው ግን ከመኪና መስኮት በስተቀር በቅርብ አይቼው አላውቅም ነበር።

የደረሰኝ አሰላ ነው። እዚያ ያለ አንድ የእርሻ ልማት መሥሪያ ቤት ማንበብ ለማይችለው ገበሬ በሥዕል የሚያስረዳ ሰው ይፈልግ ነበርና ዲክሲስ አጠገብ ወዳለች መንደር ላከኝ። እህል እንዳይነቅዝ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ የምንጭ ውሃ እንዴት ንጹሕ እንደሚሆን፣ ከብት እንዴት እንደሚያዝ በትልልቅ ወረቀት ላይ መሣል ነው ሥራዬ። ኦሮምኛ ስለማልችል አስተርጓሚ ቀጠሩልኝ። ዘይነባ ትባላለች። ወላጆቿ ከጉራጌ አገር መጥተው ዲክሲስ ሱቅ የከፈቱ ናቸው፤ እሷ እዚያው ተወልዳ ስላደገች አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እንደ ልቧ ትናገራለች። ምላሷም ስለታም ነበር።

የመጀመሪያውን ሥዕል ለመንደሩ ሴቶች ያሳየሁ ቀን ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ። ሥዕሉ ላም የምታልብ ሴት ነው። ሴቶቹ አይተው እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ አንዷ ጀመረችና ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። ምን ሆኑ ስላት ዘይነባ ራሷ እየሳቀች፣ «ላምህ ሁለት ጡት ብቻ ነው ያላት» አለችኝ። እኔ የፒያሳ ልጅ ጡት ቆጥሬ አውቃለሁ? ከመሃላቸው አንዲት ረጅም፣ መልከ ቀና ሴት ተነሥተው ከምድጃ ከሰል አመጡና የጎደሉትን ሁለቱን ጨመሩበት። በዚያው የላሚቱን ሻኛም አስተካከሉልኝ። አደ ደምቱ ይባላሉ፤ «አደ» በአርሲ ለሴት፣ «ኦቦ» ደግሞ ለወንድ የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ባላቸው ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። የሰው መሬት በጭሰኝነት ይዘው፣ በወንድማቸው በኦቦ ቱፋ በሬ እያሳረሱ ይኖራሉ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ሥራው የእኔ ብቻ መሆኑ ቀረ። ሴቶቹ በወተት ዕቃቸውና በቆዳ ልብሳቸው ላይ የሚያወጡትን ጌጥ ወደ ሥዕሎቼ አመጡት። ስለ ውሃ የሚናገረው ሥዕል ዳር ዳሩን አንድ ዓይነት ጌጥ፣ ስለ እህል የሚናገረው ሌላ ዓይነት ጌጥ ተደረገለት፤ ገበሬው ከሩቅ አይቶ የምን ትምህርት እንደሆነ ያውቅ ጀመር። በስድስት ወር ውስጥ ሃያ ያህል ሥዕል ሠራን። ሐሳቡን አብዛኛውን ያፈለቁት አደ ደምቱ ናቸው። ከታች የፈረምኩት ግን እኔ ነኝ።

የልማቱ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሥራውን ሲያይ ደስታውን አልቻለውም። ከአዲስ አበባ ትልልቅ ሰዎችና የውጭ አገር እንግዶች ቅዳሜ ስለሚመጡ አሰላ አዳራሽ ውስጥ ኤግዚቢሽን አዘጋጅ አለኝ። ሥዕሎቹን፣ የወተት ዕቃዎቹን፣ በዛጎል ያጌጡ ቆዳዎችን ሰበሰብኩ። ሆኖም መሃል ግድግዳው ላይ የሚሆን፣ ሰው ገና በር ሲገባ ዓይኑን የሚይዝ ነገር አጣሁ። ያን ጊዜ የአደ ደምቱ ሲንቄ ትዝ አለኝ።

ሲንቄ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ ዱላ ነው። እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን ትሰጣታለች። ሴቲቱ እስክትሞት ከቤቷ አይለይም፤ ወንድ አይነካውም። በደል ሲደርስባት ሲንቄዋን ይዛ ወጥታ ትጣራለች። የሰማች ሴት ሁሉ ሥራዋን ጥላ የራሷን ሲንቄ ይዛ ትከተላታለች። ያን ጊዜ ሽማግሌ ተቀምጦ ነገሩን እስኪያይ ድረስ እነሱ የቆሙበትን አልፎ የሚሄድ ወንድ የለም። ይህን ሁሉ ያኔም አውቅ ነበር። ዘይነባ ነግራኝ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ በቆንጆ ጽሕፈት አስፍሬዋለሁ።

ሐሙስ ዕለት ቤታቸው ሄድን። እርጎ ቀዱልን። እርጎዬን ጠጥቼ ስጨርስ ዘይነባን፣ «ሲንቄያቸውን ለኤግዚቢሽኑ እንዲያውሱኝ ጠይቂልኝ» አልኳት። ፊቷን አጨማደደች፤ ቢሆንም ጠየቀችልኝ። አደ ደምቱ የወተት ዕቃ ይወለውሉ ነበር፤ መወልወላቸውን ቀጠሉ። ያልሰሙ መስሎኝ ደገምኩ። ትልልቅ ሰዎች እንደሚያዩት፣ ለመንደሩ ክብር እንደሆነ፣ ስማቸውን ከሥሩ እንደምጽፍ ደረደርኩ። አሁንም መወልወላቸውን አላቆሙም። ብዙ ቆይተው ከዕቃው ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ አንድ ነገር ተናገሩ።

«መቼ ትመልሰዋለህ ነው የሚሉህ» አለች ዘይነባ።

«ቅዳሜ» አልኩና ተነሥቼ፣ ዱላውን ጓዳ ግድግዳ ሥር ከተኛበት አነሣሁት። እሳቸው ከመቀመጫቸው አልተነቃነቁም። ሳይሸኙኝ የቀሩበት ቀን አልነበረም፤ ያን ቀን ግን እስከ በር እንኳ አልመጡም።

ውጭ ስንወጣ ዘይነባ፣ «አልፈቀዱልህም እኮ» አለችኝ።

«አልከለከሉኝም።»

«እንግዳ እንዴት ይከለከላል? ቤታቸው ገብተህ፣ እርጎ ጠጥተህ ነው የጠየቅኸው።»

እኔ ግን በሐሳቤ ግድግዳውን እያስጌጥኩ ነበር። አሰላ ስንደርስ ዱላው ቅቤ ቅቤ ሸተተኝ። ሠላሳ ዓመት የታሸበት ቅቤ ነው፤ የእናታቸውም እጅ አለበት። እንግዶቹ እንዳይሸታቸው ብዬ በሳሙና አጠብኩትና ቫርኒሽ ቀባሁት። ሲያብረቀርቅ ደስ አለኝ። መሃል ግድግዳው ላይ በሁለት ሚስማር ሰቀልኩት፤ ከሥሩም ማስታወሻዬ ላይ የነበረውን ቃል በቃል በካርቶን ጽፌ ለጠፍኩበት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የእንግዶቹ መምጫ ወደ ሰኞ መዛወሩን ሰማን። ለአደ ደምቱ የገባሁት ቃል ቅዳሜ ነበር። ሁለት ቀን ምን ለውጥ ያመጣል ብዬ አለፍኩት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ኦቦ ቱፋ አዳራሹ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ጋቢያቸው በጭቃ ተበላሽቷል፤ ከሌሊቱ ጀምረው በእግርም በጭነት መኪናም ነው የመጡት። ሰላምታ ተለዋወጥን። አማርኛቸው ጥቂት ቢሆንም አይጠፋባቸውም።

«እህቴ ሲንቄዋን ትፈልጋለች» አሉኝ።

እንግዶቹ ቀን መለወጣቸውን ነገርኳቸውና ሰኞ ከሰዓት እኔ ራሴ አመጣዋለሁ አልኩ።

«ሰኞ ጠዋት ትራክተር ይመጣል። የባለመሬቱ ወኪል ትናንት ነገራት። መሬቱን ሊያርሱት ነው፤ ልቀቂ ብሏታል።»

በዚያ ሰሞን በአርሲ የትራክተር ወሬ ያልሰማ የለም። ባለመሬቶች በትራክተር ማሳረስ እንደሚያዋጣ ገብቷቸው ጭሰኛውን ከየቦታው ያስነሡ ነበር። አዲስ አበባ ሆኜ የጮህኩት ለዚሁ ነው። አሁን ያ ነገር ሰው ሆኖ፣ ጋቢ ለብሶ ፊቴ ቆሟል። እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? ፈገግ ብዬ፣ «ኦቦ ቱፋ፣ ዱላ ትራክተር ያቆማል እንዴ?» አልኳቸው።

ወደ ግድግዳው ቀረብ ብለው ሲንቄውን ተመለከቱ፤ አልነኩትም። ከዚያ ካርቶኑን በጣታቸው አመለከቱና ምን ተጽፎበታል አሉ። አብራኝ የነበረችው ዘይነባ በኦሮምኛ አነበበችላቸው፤ ሴት ስትበደል ይዛው ትወጣለች፣ ሴቶች ሁሉ ይከተሏታል፣ ወንድ አልፎት አይሄድም። እስከ መጨረሻው ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ።

«ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«እሺ» አሉና ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ።

ዘይነባ እንደዚያ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም። የመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ዘር ጭኖ ወደ ዲክሲስ ሊሄድ ሞተሩ ተነሥቶ ነበር። «አምጣው፣ እኔ ሴት ነኝ፣ ይዤላቸው እሄዳለሁ፤ ሳይመሽ እደርሳለሁ» አለችኝ። የሚፈለገው ከእኔ አንድ ቃል ብቻ ነበር። እኔ ግን የተማርኩ ሰው ነኝና ክርክር አላጣሁም። ሰኞ የሚመጡት ባለሥልጣኖች እንደሆኑ፣ የአደ ደምቱን ጉዳይ ፊት ለፊት እንደምነግራቸው፣ ይህም ከአንድ ዱላ የበለጠ እንደሚጠቅማቸው አስረዳኋት። እውነቴን ነው የመሰለኝ። እውነተኛው ምክንያት ግን ሲንቄው ከወረደ መሃል ግድግዳዬ ባዶ መሆኑ ነው። ዘይነባ ትንሽ አየችኝና ሄዳ መኪናው ላይ ወጣች።

ሰኞ እንግዶቹ መጡ። አጨበጨቡ፣ ጠየቁ፣ ማስታወሻ ያዙ። ከአዲስ አበባ የመጡት ወፍራም ሰውዬ ሲንቄውን ከሚስማሩ ላይ አንሥተው እንደ ከዘራ ተደገፉበት፤ ፎቶግራፍ አንሺው አነሣቸው፤ ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው እጄን ጨበጡኝ። አሁን ልናገር ብዬ አፌን ስከፍት «ጎበዝ! የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። የአባቴን ስም ነገርኳቸው፤ ያውቋቸው ኖሮ ስለ አባቴ ሲያነሡ ሲጥሉ ወደሚቀጥለው ሥዕል አለፉ። ልከተላቸው እችል ነበር። አልተከተልኩም፤ ያን የመሰለ ቀን በጭሰኛ ነገር ላበላሸው አልፈለግሁም።

ምሳ ሳልበላ ሲንቄውን ይዤ ዲክሲስ ደረስኩ። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ከመኪናው ወርጄ ወደ አደ ደምቱ ቤት ስታጠፍ መጀመሪያ ያየሁት አፈሩን ነው። ጥቁር አፈር ተገልብጦ፣ መስመሩ ቀጥ ብሎ፣ እስከ ቤታቸው አጥር ድረስ ታርሷል። አጥሩም በአንድ በኩል ወድቋል። ሴቶች በሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሰው የሞተበት ቤት ይመስላል። ማንም አላለቀሰም።

ዱላውን በሁለት እጄ አድርጌ ዘረጋሁላቸው። አደ ደምቱ ተቀበሉኝ፤ አገላብጠው አዩትና ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። አንድ ነገር ጠየቁ። ዘይነባ ተረጎመችልኝ።

«ቅቤው የት ሄደ ይሉሃል።»

እንዳይበላሽ ብዬ ቫርኒሽ ቀባሁት አልኩ። ድምፄ ለራሴም አስጠላኝ። እሳቸው ሲንቄውን ወደ ጓዳ አላስገቡትም፤ ውጭ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ግድግዳ ላይ አስደገፉት።

ዘይነባ ወደ ጎን ወስዳ የሆነውን ነገረችኝ። ትራክተሩ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መጣ። አደ ደምቱ ወጥተው ማሳው ውስጥ ቆሙ። ጎረቤት ሴቶች ሁሉ ሲንቄያቸውን ይዘው በየደጃቸው ቆመው የእሳቸውን ጥሪ ይጠብቁ ነበር። እሳቸው አልተጣሩም። የተበደለችው ሴት እናቷ የሰጠቻትን ሲንቄ ሳትይዝ አትጣራም፤ የሌላ ሴትም አትዋስም።

«አሥራ ሰባት ሴት ነበርን» አለችኝ። «እኔ እንኳ የራሴ የለኝም፤ ግን ቆሜያለሁ።»

ራሴን ከምወቅስ ሌላ የምወቅሰው ሰው ፈለግሁ። ትራክተሩ ከቁልቁለቱ ግርጌ ቆሟል፤ ሾፌሩ ማረሻው ላይ የተጣበቀውን ጭቃ ይፍቃል። በንዴት ወደ እሱ ወረድኩ። ጀማል ይባላል፤ የጢቾ ልጅ ነው፤ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ባልቴት ስታፈናቅል አታፍርም ወይ፣ አንተም የዚህ አገር ልጅ አይደለህም ወይ እያልኩ ጮህኩበት። ጨርሼ እስክደክም ጠበቀኝና እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ወንድሜ፣ እኔ ደመወዝተኛ ነኝ» አለ። «ግን እናት አለችኝ። ሲንቄ ከወጣ አልነዳም ብዬ ለወኪሉ ትናንት ነግሬዋለሁ። እሱም የእኛው ሰው ነው፤ ያውቀዋል፤ ከወጣማ ነገሩ ለሽማግሌ ነው ብሏል። ጠዋት መጥቼ ሞተሩን አጥፍቼ ተቀመጥኩ። ሴትዮዋ ከቤታቸው ሲወጡ ተመስገን አልኩ።»

ወደ ማሳው ተመለከተ።

«ከዚያ እጃቸውን አየሁ። ባዶ ነው። ምናልባት ከውስጥ የሚያመጣላቸው ሰው አለ ብዬ ጠበቅሁ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቅሁ። እሳቸውም እኔን እያዩ ቆሙ። በመጨረሻ ወኪሉ፣ ሲንቄ የለም፣ ምን ትጠብቃለህ አለኝ።» ጨርቁን ኪሱ ውስጥ ከተተና ቀና ብሎ አየኝ። «አንተ የምታውቃቸው ከሆነ ንገረኝ። የት አድርገውት ነው?»

«አላውቅም» አልኩት።

እንዲህ ነው ያልኩት። ሲንቄው ከኋላዬ፣ ሁለት መቶ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ቫርኒሹ ገና እጄ ላይ ይሸታል።

በሳምንቱ አደ ደምቱ ከብቶቻቸውን ነድተው፣ ዕቃቸውን በአህያ ጭነው ወደ ባሌ ሄዱ። መሬት የለቀቀ ጭሰኛ ሁሉ በዚያን ጊዜ ወደዚያ ነበር የሚሄደው። ልሰናበታቸው አልወጣሁም። ወረቀት ላይ አጎንብሼ የምሠራ መስዬ የአህዮቹን ኮቴ ሰማሁ። ዘይነባም ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር አልሠራችም፤ አባቷ ሱቅ ገባች። ሳሙና ልገዛ ስሄድ ትሸጥልኛለች፤ ሌላ ቃል የለም። እኔ ዩኒቨርሲቲ ተመልሼ ለገጠር አገልግሎቴ ከክፍሌ አንደኛ ውጤት አገኘሁ።

ዕድሜ ልኬን ራሴን ስከራከረው ኖሬያለሁ። ያን ቀን ጀማል ባይነዳ በሳምንቱ ሌላ ሾፌር ይመጣ ነበር እላለሁ። ሽማግሌውም ከባለመሬት ጋር ምን ይችል ነበር እላለሁ። እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያቺ ሳምንት የአደ ደምቱ ነበረች። ሴቶቹን ሁሉ አስከትለው ማሳቸው መሃል የሚቆሙባት ቀን ነበረቻቸው። ከመሬቱ በፊት ያቺን ቀን የወሰድኩባቸው እኔ ነኝ፤ ባለመሬቱ አይደለም።

እናንተ ሆቴል ወይም አዳራሽ ግድግዳ ላይ የገጠር ሰው ዕቃ ተሰቅሎ ስታዩ እንዴት ያምራል ከማለታችሁ በፊት ባለቤቱ ዛሬ ምን ይዞ እንደወጣ ጠይቁ። እኔ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሕንፃ ነድፌያለሁ። ባለቤቶቹ ባህላዊ ነገር ስቀልበት ሲሉኝ ሰበብ ፈልጌ እሸሻለሁ፤ ለምን እንደሆነ የጠየቀኝ የለም።

መሬት ለአራሹ ከታወጀ በኋላ አንድ ጊዜ ዲክሲስ ሄጄ ነበር። የአደ ደምቱ ማሳ በቦታው ለተገኙት ሰዎች ተከፋፍሏል። ኦቦ ቱፋን አገኘኋቸው። እህታቸው ባሌ ውስጥ ከዘመድ ተጠግተው እንደሚኖሩ፣ እንደማይመለሱም ነገሩኝ። ይረግሙኝ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«አንተን?» አሉ፤ ጥያቄው ግራ ገብቷቸው። «ስለ አንተ አንድም ቀን ክፉ አልተናገረችም። የምትረግመው እጇን ነው። ‹እናቴ የሰጠችኝን በእጄ ሰጠሁ› ትላለች።»

ይህን የጻፍኩት ለዚህ ነው። ከባሌም ሆነ ከአርሲ የእሳቸውን ወገን የሚያውቅ ሰው ካነበበው ይንገርልኝ። አደ ደምቱ አልሰጡኝም። ተቀምጠው ነበር፤ ተነሥቼ የወሰድኩት እኔ ነኝ።